አንድ ሜትር ከሠላሳ

ሙኔሳ ጫካ ውስጥ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኖም ፀሐይ ገና መሬት አልነካችም። ጥቅምት ነው፤ ክረምቱ ቢወጣም ቅጠሉ ሁሉ ውሃ አዝሏል። ከራሳችን በላይ ጉሬዛዎች ከዛፍ ወደ ዛፍ በዘለሉ ቁጥር ጤዛው ይረግፍብናል። ከፊት ገጀራ የያዘ ወጣት ሐረጉን እየመነጠረ ይሄዳል። ከኋላው ኮምፓስ ያዡ፣ ቀጥሎ ሜትር የሚጎትቱ ሁለት ልጆች፣ ከዚያ መዝገብ የያዘችው የቡድኑ መሪ፣ በመጨረሻም በዚህ ጫካ ዳር ተወልደው ያረጁ አንድ ሽማግሌ ይከተላሉ።

መሪዋ በእጇ ዱላ ይዛለች። እረኛ ከሚይዘው ዱላ አይለይም፤ ጫፉ ላይ ብቻ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ትልቅ ዝግባ ሥር ስንደርስ ዱላውን በዳገቱ በኩል ከግንዱ አስጠግታ አቆመችው። ቀዩ ጫፍ ደረቷ ላይ ደረሰ። አንዱ ልጅ ሜትሩን በዚያው ልክ ይዞ ግንዱን ዞረው። ብቻውን አቅፎ አይጨርሰውምና ጓደኛው ከወዲያ በኩል ጫፉን ተቀበለው።

«ዘጠና ነጥብ አንድ!»

«ዘጠና ነጥብ አንድ፣ ዝግባ» ብላ ደገመችና ጻፈች።

የምትደግመው በምክንያት ነው። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ድምፅ ተቆራርጦ ይደርሳል፤ አንዱ «ሠላሳ» ብሎ የጮኸውን ሌላው «ስልሳ» ብሎ ይሰማዋል። ስለዚህ በዚህ ቡድን ውስጥ 60 ሁልጊዜ «ስድሳ» ነው፤ «ስልሳ» ማለት ክልክል ነው። ውፍረቱ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ዛፍ 60 ተብሎ ቢመዘገብ ስህተቱ እጥፍ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የግንዱ ክብ ስፋት የሚሰላው ውፍረቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ አንዱ ዛፍ አራት ሆኖ ይቆጠራል።

ወደዚህ የመጣሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ይህ ደን የመንግሥት ነው። ባለቤቱ ያለውን ያውቀዋል ወይ? ምን ያህል እንጨት ቆሟል፣ የየትኛው ዛፍ ነው፣ ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው ወይስ እየሳሳ?

የሙኔሳ ሻሸመኔ ደን በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ግድግዳ ላይ፣ ከላንጋኖ ሐይቅ በላይ የተንጠለጠለ ነው። ከጫካው ዳር ቆሞ ወደ ምዕራብ ያየ ሰው ሐይቆቹ ከታች ሲያብረቀርቁ ያያል። ከሐይቆቹ ወዲህ አርሲ ነገሌ አለች። አረቄዋ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው፤ አረቄ ደግሞ በእሳት ነው የሚወጣው፣ እሳቱም ከእንጨት፣ እንጨቱም በብዛት ከዚሁ ተራራ ይወርዳል። በየማለዳው የማገዶ ሸክም የጫነች አህያ በዚህ ቁልቁለት ስትወርድ ማየት ማንንም አያስደንቅም። ስንት ሸክም እንደሚወርድ ሊገመት ይችላል። ከባዱ ከላይ የቀረውን ማወቅ ነው።

ደኑ በደርግ ዘመን በአገር አቀፍ ደረጃ ቅድሚያ ጥበቃና ልማት እንዲያገኙ ከተለዩት 58 ደኖች አንዱ ነው። ከዚያ በፊት የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬቱን ከባላባት እጅ አውጥቶታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት ብሎ አራት ዓይነት የደን ባለቤትነት ለይቷል። ባለቤትነቱ በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። የሀብቱ ልክ ግን በወረቀት አይታወቅም፤ አንድ ሰው ጫካ ገብቶ ዛፉን ማቀፍ አለበት።

ዱላው ለምን 1.30 ሜትር ሆነ? ዛፍ ከሥሩ ይንሰራፋል፤ መሬት ላይ ብትለካ ሥሩን እንጂ ግንዱን አትለካም። ከፍ ብሎ ቢለካ ደግሞ መሰላል ያስፈልጋል። 1.30 ሜትር የቆመ ሰው ሳይጎነበስና ሳይንጠራራ እጁን የሚያደርስበት የደረት ቁመት ነው። አሜሪካኖች በጫማ ስለሚለኩ 1.37 ያደርጉታል፤ የቀረው ዓለም አብዛኛው በ1.30 ይስማማል። የደን ባለሙያዎች ዲቢኤች ይሉታል። ልጆቹ «ደረት» ብቻ ይሉታል፦ «የዚህን ደረት ወስደናል?»

ደንቡ ቀላል ይመስላል፤ ዛፉ ግን ደንብ አያውቅም። ተዳፋት ላይ የቆመ ዛፍ ከዳገቱ በኩል ይለካል፤ ከቁልቁለቱ በኩል የለካ ሰው ወፍራሙን የታችኛውን ክፍል ይዞ ይመለሳል። ከደረት በታች ለሁለት የተከፈለ ዛፍ ሁለት ተብሎ ይመዘገባል፤ ከደረት በላይ ከተከፈለ አንድ ነው። ሐረግ ከተጠመጠመበት ሜትሩ በሐረጉ ሥር ያልፋል። ልክ በ1.30 ላይ እብጠት ካለ ከፍ ተደርጎ ይለካል፤ የተለካበት ቁመትም አብሮ ይጻፋል። ይህ ሁሉ ቢጫ በሆነ መመሪያ ላይ ታትሞ በመሪዋ ቦርሳ ውስጥ አለ። ሳታወጣው ነው የምትሠራው።

ሜትሩን ራሱን ተቀብዬ አየሁት። በአንዱ ፊት ተራ ሴንቲሜትር ነው። በሌላው ፊት ያለው እያንዳንዱ «ሴንቲሜትር» ግን 3.14 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል፤ ዙሪያውን የዞረ ሰው ሳያካፍል ውፍረቱን ያነባል። የዚያ ዝግባ ዙሪያ 283 ሴንቲሜትር ነበር፤ ውፍረቱ 90.1 ማለት ነው። በዚህ ውፍረት ግንዱ ቢቆረጥ የክቡ ስፋት ከ0.63 ሜትር ካሬ ትንሽ ይበልጣል። ሜትሩ በቅርፊቱ ላይ ላላ ብሎ ዙሪያው 5 ሴንቲሜትር ቢጨምር ስፋቱ ወደ 3.6 በመቶ ይጨምራል። በአንድ ዛፍ ላይ ትንሽ ነው። ልጁ ሜትሩን ሁልጊዜ በዚሁ ምጣኔ የሚያላላ ከሆነ ግን ጠቅላላው ጫካ በ3.6 በመቶ ይወፍራል፤ አንድም ዛፍ ሳያድግ።

ቁመቱን ለመውሰድ መሪዋ ከዛፉ 30 ሜትር ርቃ መቆም ነበረባት። በሙኔሳ 30 ሜትር መራቅ ማለት ሌሎች ሃያ ዛፎችን ከፊትህ ማስቀመጥ ነው። ሁለት ጊዜ ቦታ ቀየረች። በሦስተኛው የዝግባው ጫፍ በሰማይ ላይ ተለይቶ ታየና ሱንቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ሱንቶ በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ የብረት መሣሪያ ናት፤ በውስጧ የሚዞር ክብ አለ፣ በላዩም በመቶኛ የተጻፈ ልክ።

«ጫፍ፣ ዘጠና አምስት። ሥር፣ አሥር ወደ ታች።»

ሁለቱ ተደምረው 105 በመቶ ሆኑ። የ30 ሜትር 105 በመቶ 31 ሜትር ተኩል ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት የተማሪ ቤት ሒሳብ ነው፦ ስፋቱን በቁመቱ ማባዛት። ግንድ ግን እንደ ምሰሶ እኩል አይወጣም፤ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። ስለዚህ ውጤቱ ከአንድ በታች በሆነ የቅርጽ ቁጥር ይባዛል። ቁጥሩ እንደ ዛፉ ዓይነት ይለያያል፤ ለምሳሌ ያህል ግማሽ ብለን ብንወስድ ያ ዝግባ ወደ 10 ሜትር ኩብ እንጨት ተሸክሟል።

ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው ዝም ብለው ወደ ግንዱ ሄዱ። ገጀራውን ከወጣቱ ተቀብለው በጀርባው ሦስት ጊዜ መቱት፤ ትንሽ ዝቅ ብለው እንደገና መቱት። ድምፁ መጀመሪያ ደረቅ ነበር፤ ከታች እንደ ከበሮ ሆነ።

«ልጄ፣ ይሄ ባዶ ነው» አሏት።

«አውቄአለሁ አባቴ፤ 'ውስጡ የበሰበሰ' ብዬ ጽፌበታለሁ። ግን ከየት እስከ የት እንደሆነ እንዴት ያውቃሉ?»

ጆሯቸውን ግንዱ ላይ አድርገው ወደ ላይ እየመቱ ሄዱ። በቁመታቸው ልክ ሲደርሱ ድምፁ ተመለሰ። «እዚህ ድረስ» አሉ። እሷም ጻፈችው።

በጣውላና በእንጨት መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በመዝገቡ ላይ 10 ሜትር ኩብ የተባለው ግንድ ለመጋዝ ቤት 10 አይደለም። ያረጀ ዛፍ ውስጡ ባዶ ይሆናል፣ ይጠማዘዛል፣ ከቅርንጫፉ መነሻ በላይ ያለው ለጣውላ አይበቃም። በሌላ በኩል ለከብቱ ጥላ፣ ለጉሬዛው ቤት፣ ለምንጩ ውሃ ያ ባዶ ዝግባ ሙሉ ነው። ደንን በሜትር ኩብ ብቻ የሚያይ ቆጠራ ይህን ዛፍ «የተበላሸ» ብሎ ያልፈዋል። ጥሩ ቆጠራ ሁለቱንም ይጽፋል።

ደግሞም ይህ ዝግባ ለጣውላ የቆመ አይደለም። የ1986ቱ የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዝግባን፣ ጽድን፣ ዋንዛንና ኮሶን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከጥብቅ ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አራቱም የአናጢ ዓይን ዘወትር የሚያርፍባቸው ናቸው፦ ዋንዛ ለቤት ዕቃ፣ ጽድ ለማይበሰብስ ምሰሶ፣ ዝግባ ለጣውላ፣ ኮሶ ለበርና ለመስኮት። የተከለከለ ዛፍ ለምን ይለካል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ክልከላው መሥራቱ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። በመዝገቡ ላይ ቀጫጭን ዋንዛና ወፋፍራም ዋንዛ ኖሮ መካከለኛው ከጠፋ፣ መካከለኛውን የወሰደ ሰው አለ ማለት ነው።

እያንዳንዱን ዛፍ መቁጠር አይቻልም። ስለዚህ ናሙና ይወሰዳል። ከ2006 ዓ.ም. በኋላ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እገዛ የተካሄደው ብሔራዊ የደን ሀብት ቆጠራ በካርታ ላይ በተሰራጩ አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር በሆኑ አራት ማዕዘኖች ላይ የተመሠረተ ነው። በእያንዳንዱ አራት ማዕዘን ውስጥ 20 ሜትር የሚሰፉና 250 ሜትር የሚረዝሙ አራት ቁራሾች አሉ፤ ተደምረው 2 ሄክታር ይሆናሉ። ቁራሹ ዛፍ ላይ ወደቀ፣ ገደል ላይ ወደቀ፣ ምርጫ የለም። መንገድ ዳር ያለውን ምቹ ቦታ የሚመርጥ ቆጣሪ የሚያመጣው የመንገድ ዳርን ቁጥር ነው።

ያም 250 ሜትር በአግድም የሚለካ ነው እንጂ በእግር የሚረገጥ አይደለም። ካርታ ጠፍጣፋ ነውና 20 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 250 ሜትር ለማግኘት 266 ሜትር መውጣት ያስፈልጋል። ሜትር ጎታቾቹ ይህን በየ20 ሜትሩ እያረሙ ይወጣሉ። ከሰዓት በኋላ ዳገቱ ሲጠና ማንም አያወራም ነበር፤ የሚሰማው ቁጥር ብቻ ነው።

የዛፍ ስም ነገር የራሱ ጣጣ አለው። እንጨት የሚከብደው እንደ ዓይነቱ ነው፤ ስለዚህ ስሙ ከተሳሳተ ክብደቱም ይሳሳታል። የአካባቢው ሰው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ መዝገቡ በአማርኛና በሳይንሳዊ ስም ነው። ኦሮምኛ ዝግባን «ቢርቢርሳ» ይለዋል። አማርኛ ደግሞ «ብርብራ» የሚለው ፍጹም ሌላ ዛፍ አለው። ሽማግሌው «ቢርቢርሳ» ሲሉ ከአዲስ አበባ የመጣ ጸሐፊ «ብርብራ» ብሎ ቢጽፍ አንድ ዝግባ ከአገሪቱ መዝገብ ጠፋ። መሪዋ ሁለቱንም ቋንቋ ትናገራለች። ብትናገርም ቅጠል ቆርጣ በጋዜጣ መካከል ትጫነዋለች። ብሳናን ሽማግሌው «መካኒሳ» ሲሉት ሁላችንም ፈገግ አልን፤ ታክሲ ተሰልፈን የምንጠብቅበት የአዲስ አበባው ሰፈር የዛፍ ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

አሁን ወደ አገሪቱ ቁጥር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታልና። ልጅ ሆነን «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» ተብለን ተምረናል። ይህ ቁጥር ከመማሪያ መጽሐፍ ወደ ሪፖርት፣ ከሪፖርት ወደ ንግግር ሲዘዋወር ኖሯል። በዚያ ዘመን አገሪቱን ዞሮ ዛፍ የለካ ግን አልነበረም። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህን የደን ውድመት ትረካ ፊት ለፊት ሞግቷል። ደናችን አልጠፋም ለማለት አይደለም፤ ጠፍቷል፣ ዓይን ያየዋል። መነሻው ያልተለካ ነገር ግን የጠፋውን ልክ ሊነግረን አይችልም።

በሜትር የተደገፈ ሥራ ኋላ ነው የመጣው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዲ. አር. ቻፊ የሚባል እንግሊዛዊ ባለሙያ የደቡብ ምዕራብን ደኖችና ይህንኑ ሙኔሳን ቆጥሮ ሪፖርት ጽፏል። በ2004 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የእንጨት ሀብት ቆጠራና ስትራቴጂክ ዕቅድ ፕሮጀክት ረጃጅም የተፈጥሮ ደን 4.07 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ፣ ከአገሪቱ ስፋት 3.56 በመቶ ነው አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. ለፋኦ የቀረበው ቁጥር 12.3 ሚሊዮን ሄክታር፣ 11 በመቶ ሆነ። በ2016 እ.ኤ.አ. ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት የቀረበው ደግሞ 15.5 በመቶ ነው።

ከ3.56 ወደ 15.5 የዘለለው ደኑ አይደለም፤ ትርጉሙ ነው። መጀመሪያ የተቆጠረው ረጅሙ ደን ብቻ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ትርጉም ግማሽ ሄክታር የሚሞላ፣ ዛፉ 2 ሜትር የሚደርስ፣ ጥላው 20 በመቶ የሚሸፍን መሬት ሁሉ ደን ነው ይላል፤ ቀርከሃውንም ይጨምራል። በቆላው ያለ የአባሎና የከርቤ ዛፍ መሬት በዚህ ገባ። ትርጉሙን አልነቅፍም፤ የቆላውም ዛፍ ዛፍ ነው፣ ዕጣንና ሙጫ የሚሰጥም ነው። የምነቅፈው ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «ደናችን አራት እጥፍ አደገ» የሚለውን ንግግር ነው። በዚያው በ2016ቱ ሰነድ ውስጥ ከ2000 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ 92,000 ሄክታር ደን እንደጠፋና 19,000 ሄክታር ብቻ እንደተተካ ተጽፏል። ይህን የሚጠቅስ ተናጋሪ ብዙ አላጋጠመኝም።

ዛሬ ደግሞ ለመለካት ሌላ ምክንያት መጥቷል። ቀድሞ ዛፍ የሚለካው ሊቆረጥ ነበር፤ አሁን እንዲቆም ይለካል። ውፍረቱ፣ ቁመቱና የእንጨቱ ክብደት በአንድ ቀመር ገብተው ዛፉ የያዘው ካርቦን ይሰላል። በ2023 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ጋር በኦሮሚያ ደኖች ስም እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ውል ተፈራርማለች። ክፍያው የሚመጣው በቀነሰው ልቀት ልክ ነው። ልኩ የሚነሳው ደግሞ ሜትር ከሚጎትቱት ልጆች እጅ ነው፤ የቀን አበላቸው ስንት እንደሆነ ስጠይቃቸው ተያይተው ሳቁ።

ከሙኔሳ ወደ ምሥራቅ፣ በአዳባና ዶዶላ፣ ሌላ ዓይነት ልክ ተሞክሯል። በጀርመን ቴክኒክ ትብብር እገዛ በ2000 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጀመረው የደን ነዋሪዎች ማኅበር፣ «ዋጂብ» የሚሉት፣ ለአንድ ቤተሰብ 12 ሄክታር፣ ለአንድ ማኅበር እስከ 30 ቤተሰብ ብሎ ደኑን በውል አስረከበ። ደኑ የመንግሥት እንደሆነ ቆየ፤ ጠባቂው ግን ከደጁ ያለው ሰው ሆነ። እኔ ይህን መንገድ አምንበታለሁ። የጫካውን ድምፅ በገጀራ ጀርባ የሚያነብ ሰው እያለ ቆጠራን ከከተማ በሚመጣ መኪና ብቻ ማሰብ ብክነት ነው።

አመሻሹ ላይ የመጨረሻው ቁራሽ ሲያልቅ መሪዋ ደኑ ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄዬ መለሰችልኝ። አንድ ጊዜ መለካት ምን እንዳለ ይነግራል፤ ምን ያህል እንደሚያድግ ግን አይነግርም። በሌላ አገር የዛፍን ቀለበት ቆጥሮ ዕድሜውን ማወቅ ይቻላል። እዚሁ ሙኔሳ ግን የጀርመን ተመራማሪዎች በግንዶች ላይ እድገትን የሚከታተል መሣሪያ አስረው ባጠኑ ጊዜ ዝግባ ዝናብን እየተከተለ እንደሚያድግና ቀለበቱን እንዲያው በዓመት ልክ መቁጠር እንደማያስተማምን ታይቷል። ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚመጣበት አገር ዛፉም እንደ ዝናቡ ነው። ስለዚህ እድገቱን ለማወቅ ያለው መንገድ አንድ ነው፦ ተመልሶ መጥቶ ያንኑ ዛፍ በዚያው ቁመት እንደገና ማቀፍ።

ለዚህም ቁራሹ የሚጀምርበት ቦታ ላይ አጭር ብረት ይቀበራል። ከላይ አይታይም፤ ቢታይ ሰው ይነቅለዋል፣ ወይም በዙሪያው ያለውን ዛፍ ለይቶ ይጠብቃል፣ ያኔ ናሙናው ናሙና አይሆንም። ቦታው በጂፒኤስ ይመዘገባል። አጠገቡ ያለ ድንጋይ፣ ጅረት፣ ትልቅ ዛፍ ከነርቀቱ ይጻፋል። ወጣቱ ብረቱን ቀበረና በእግሩ ረግጦ ቅጠል አለበሰው።

ሽማግሌው ቦታውን ቆመው አዩት። «መቼ ትመለሳላችሁ?» አሉ።

«በመመሪያው በአምስት ዓመት ነው፣ አባቴ።»

«በመመሪያው» አሉ ሽማግሌው፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

መሪዋ መልስ አልነበራትም፤ በጀት የምትይዘው እሷ አይደለችም። በጀት የምትይዙ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ፣ የሚቀጥለው ቆጠራ ገንዘብና ቀን ዛሬ ይያዝለት፤ ሽማግሌውም በሕይወት እያሉ ቡድኑ ይመለስ። ብረቱ እዚያው ነው፤ ከትልቁ ባዶ ዝግባ ወደ ሰሜን አሥራ አንድ ሜትር ላይ።